የግራ ካሕሱ ጥድና የቆቦ ሜዳ እንጀራ

መንገድ የሚሠራው ሰውንና ዕቃን ከስፍራ ወደ ስፍራ ለማድረስ እንደ ሆነ የታወቀ ነው። ነገር ግን አስተዋይ መንገደኛ ከመንገድ የበለጠ ጥቅም ያገኛል፤ መጽሐፍ በምዕራፍ ተከፍሎ እንደሚነበብ፣ አገርም በመንገድ ላይ ከቆላ እስከ ደጋ ተከፍሎ ይነበባልና። ይህን ንባብ ልብ ያለው ሰው፣ በአንድ ስፍራ የሚደረገው ሥራ በጎም ቢሆን ክፉ ፍሬው በሌላ ስፍራ እንደሚታይ ያውቃል።

በዚህ ረገድ ብዙ ትምህርት ከሚሰጡት የአገራችን መንገዶች አንዱ ከቆቦ ተነሥቶ በዋጃ፣ በጥሙጋና በአላማጣ ካለፈ በኋላ የግራ ካሕሱን ዳገት ወጥቶ ኮረም የሚደርሰው ነው። ርዝመቱ ብዙ አይደለም፤ ሰላም በሆነ ጊዜ በአውቶሞቢል ለሚሄድ ሰው የግማሽ ቀን ጕዞ እንኳ አይሆንም። ሆኖም በዚህ አጭር ጕዞ መንገደኛው ማሽላ ከሚበቅልበት ሙቅ ሜዳ ተነሥቶ ታላላቅ ጥዶች ወደ ቆሙበት ቀዝቃዛ ተራራ ይገባል። ብዙ ሰው ሜዳውን ለብቻው፣ ደኑንም ለብቻው አይቶ ያደንቃል፤ ሁለቱ አንድ ርስት መሆናቸውን የሚያስተውለው ግን ጥቂቱ ነው። የዛሬው ጽሑፋችን አሳብም ይኸው ነው። በዳገቱ ላይ የቆመው ዛፍ በሜዳው ላይ ለሚያርሰው ገበሬ የጎተራ ጠባቂ ስለ ሆነ፣ የዛፉን ጕዳይ የእንጀራ ጕዳይ አድርገን ልንይዘው ይገባል።

ቆቦ በሰሜን ወሎ፣ ከወልድያ በስተ ሰሜን፣ ከባሕር ወለል በላይ 1,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው ሜዳ ላይ የተቆረቆረች ከተማ ናት። በምሥራቅ በኩል የዞብል ተራራ ሜዳውን ከአፋር ቆላ ይለየዋል፤ በምዕራብ በኩል ደግሞ ወደ ላስታ የሚያወጣው ታላቅ ገደል እንደ ግድግዳ ቆሟል። በመካከል ያለው ምድር ከጥንት ጀምሮ ጎርፍ ከተራራ እያወረደ የደለደለው ጥልቅ አፈር ነው። ጎሊናንና ሆርማትን የመሰሉ ወንዞች ከደጋው ወርደው በዚህ ሜዳ ላይ ይዘረጋሉ። ማሽላው ሲያሸት፣ ጤፉም ሲያብብ ያየ ሰው ምድሪቱ ምንኛ ለጋስ እንደ ሆነች ይመሰክራል።

ነገር ግን ይህ ለጋስ ምድር የሚኖረው ከሌላ በሚመጣለት ነው። ዝናሙ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በበልግና በክረምት፣ ሊመጣ ይጠበቃል፤ ይሁን እንጂ ጊዜውን የሚያሳልፍበት ወይም ጥቂት ታይቶ የሚቋረጥበት ዓመት ብዙ ነው። ስለዚህ የራያ ገበሬ ከአባቶቹ የወረሰው ታላቅ ጥበብ አለው፤ ይኸውም ጎርፍ መጥለፍ ነው። በሜዳው ላይ ምንም ባይዘንብ በተራራው ላይ ከዘነበ፣ ደራሹ ውኃ በወንዙ ሲወርድ ገበሬው በአፈርና በቅርንጫፍ በሠራው ግድብ ጠልፎ በቦይ እየመራ ማሳውን ያጠጣል። ጎርፉ ከውኃው ጋር ለም ደለል ይዞ ይመጣልና ማሳው በአንድ ጊዜ ይጠጣልም፣ ይዳብራልም። እንግዲህ በዚህ አገር ጎርፍ ሁሉ ጥፋት አይደለም፤ በልክ የመጣ ጎርፍ በረከት ነው፣ ከልክ ያለፈው ግን ቋጥኝና አሸዋ ይዞ ወርዶ ማሳውን የሚቀብር ጠላት ነው። በረከቱን ከጥፋቱ የሚለየው ልክ የሚወሰነው በሜዳው ላይ ሳይሆን በዳገቱ ላይ መሆኑን አንባቢ ልብ ይበልልን።

ከአላማጣ ከተማ ሲወጡ ሜዳው ያበቃል፤ መንገዱም ወደ ምዕራብ ዞሮ ገደሉን መውጣት ይጀምራል። አላማጣ 1,500 ሜትር ገደማ፣ ኮረም ደግሞ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሚገኙ፣ መንገደኛው በአጭር ጊዜ አንድ ሺህ ሜትር ያህል ሽቅብ ይወጣል። መንገዱ እየተጠማዘዘ ይሄዳል፤ አንድ ጊዜ ፊቱን ወደ ተራራው፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ወደ ሜዳው ይመልሳል። ካሚዮን የሚነዱ ሰዎች ወደ ላይ ሲወጡ ሞተሩን፣ ወደ ታች ሲወርዱም ፍሬኑን እያሰቡ ያልፉታል። ዛሬ በሜዳው በመኾኒ በኩል ወደ ሰሜን የሚያልፍ ሌላ መንገድ ስላለ ዳገቱን የማይሻ ሁሉ በዚያ ይሄዳል። የግራ ካሕሱን መንገድ የመረጠ ሰው ግን ዋጋውን በዓይኑ ይቀበላል።

በታችኛው ዳገት ላይ የሚታየው ግራርና ቁልቋል፣ ክትክታና ሌላም ቍጥቋጦ ነው። ወደ ላይ ሲወጡ ነፋሱ ይቀዘቅዛል፤ አጋሙና ቀጋው ይበረክታል፤ ቀጥሎም ወይራ ይመጣል። ከዚያ በኋላ ጥዱ በመንገዱ ግራና ቀኝ ይቆማል። አንዳንዱ ከገደሉ ሥር ተነሥቶ ጫፉ ከመንገዱ ጠርዝ ጋር ይተካከላል፤ አንዳንዱም ከበላይ ሆኖ ጥላውን በመንገዱ ላይ ይጥላል። ከምሥራቅ ከቆላው የሚነሣው እርጥብ አየር ገደሉን ሲመታ ጉም ይሆንና ደኑን ይሸፍነዋል፤ በዚያ ጊዜ የዛፎቹ ግንድ ብቻ እየታየ ጫፋቸው በጉሙ ውስጥ ይሰወራል። ጉሙ ሲገለጥ ደግሞ የራያ ሜዳ እስከ ዞብል ተራራ ድረስ ከእግር በታች ተዘርግቶ ይታያል።

ይህ ደን የግራ ካሕሱና የሕጉምብርዳ ደን ይባላል። በሰሜን ኢትዮጵያ ከጥንቱ የደጋ ደን ከተረፉት ታላላቆች መካከል የሚቈጠር ነው። የዛፎቹ አለቆች ጥድና ወይራ ናቸው፤ በእርጥቡ ስፍራ ዝግባም ይገኛል። የሐበሻ ጥድ በተመቸው ምድር ከ30 ሜትር በላይ ሊረዝም የሚችል ዛፍ ነው። ተባዕቱና እንስቱ በልዩ ልዩ ዛፍ ላይ ስለሚገኙ፣ ፍሬ የምታፈራው እንስቲቱ ብቻ ናት። ፍሬዋን ወፎች በልተው ዘሩን በየስፍራው ይበትኑታል፤ ነገር ግን ዘሩ ቶሎ አይበቅልም፤ የበቀለውም ቶሎ አያድግም። አንድ ሰው በጕልማስነቱ የተከለውን ጥድ በሽምግልናው ታላቅ ሆኖ ለማየት ተስፋ ማድረግ አይችልም። በመጥረቢያ ግን በግማሽ ቀን ይጣላል።

ካህናት አባቶቻችን የእነዚህን ዛፎች ክብር ከማንም ይልቅ ያውቃሉ። ጥድ ምስጥ የማይደፍረው እንጨት ስለ ሆነ ለቤተ ክርስቲያን ዓምድና ጣራ ሲመረጥ ኖሯል፤ መቋሚያም ከወይራ ሲሠራ ይታያል። ከቆቦ በስተ ምዕራብ በላስታ ተራራ በዋሻ ውስጥ የታነጸውን የይምርሐነ ክርስቶስን ቤተ ክርስቲያን ያየ ሰው፣ በድንጋዩ መካከል በየረድፉ የገባው እንጨት ይህን ያህል መቶ ዓመታት ሳይፈርስ መኖሩን አይቶ ይደነቃል። በዙሪያው የቆሙት ጥዶችም ቤተ ክርስቲያኑ ስላለ የተጠበቁ ናቸው። በአገራችን ብዙ ስፍራ ጥንታዊው ዛፍ የቀረው በቤተ ክርስቲያን አጸድ ብቻ መሆኑ የአባቶችን ትጋት ያስመሰግናል፤ ከአጸዱ ውጭ ያለነውን ሁላችንን ግን ያሳፍራል።

ወደ መንገዱ ታሪክ እንመለስ። ይህ ስፍራ ከሰሜን ወደ መካከለኛው ኢትዮጵያ ለሚሻገር ሁሉ በር ስለ ሆነ ብዙ ሠራዊት አልፎበታል። በ1534 ዓ.ም. ክሪስቶፍ ዳ ጋማ ከግራኝ አህመድ ጋር ተዋግቶ የተማረከው ከሐሸንጌ ሐይቅ አጠገብ በወፍላ ነበር። መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የማይጨው ጦርነት ከተደረገ በኋላም፣ ወደ ኋላ የሚመለሰው የኢትዮጵያ ሠራዊት በሐሸንጌ ሐይቅ ዳር የአውሮፕላን ቦምብና የመርዝ ጢስ ወርዶበታል። በዚያ ሜዳ መጠጊያ ያጣ ሰው ዛፍ የቆመበት ተራራ ምን ያህል እንደሚያስጠልል ሳያውቅ አይቀርም። ኢጣልያኖች በአምስቱ ዓመት የወረራ ዘመን ከአሥመራ እስከ አዲስ አበባ የሚደርሰውን መንገድ ሲያበጁ በግራ ካሕሱም ገደሉን ፈልፍለው መንገዱን አሳለፉ። ከነጻነት በኋላ በ1943 ዓ.ም. የአውራ ጎዳና መሥሪያ ቤት ተቋቁሞ የአገሪቱን መንገዶች መጠበቅና ማስፋፋት ያዘ።

ይኸው መንገድ የረኀብንም ዘመን አይቷል። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. በወሎ በተነሣው ረኀብ ብዙ ሕዝብ ከቤቱ ወጥቶ እህል ፍለጋ በዚህ አውራ መንገድ ዳር ወድቋል። በ1977 ዓ.ም. ደግሞ የኮረም ስም በዓለም ሁሉ ተሰማ፤ በዚያ የተሰበሰበው የተራበ ሕዝብ በቴሌቪዥን ሥዕል ታይቶ የሩቁን አገር ሰው ሁሉ አስለቀሰ። ለረኀቡ ምክንያት የሆነው የዝናም መቅረት ብቻ አልነበረም፤ ጦርነትም የአስተዳደር ጕድለትም ነበረበት። ሆኖም የተራቆተ ተራራ ዝናም በቀረ ጊዜ የሚያተርፈው ነገር እንደሌለው በዚያን ጊዜ በግልጽ ታይቷል።

እንግዲህ ዛፉ ለሜዳው የሚሠራው ሥራ ምንድር ነው? ዝናም በተራቆተ ዳገት ላይ በወረደ ጊዜ ነጠብጣቡ አፈሩን እየመታ ይፈታዋል፤ ውኃውም የሚያግደው ሳያገኝ ተሰብስቦ እየሮጠ አፈርና ድንጋይ ይዞ ይወርዳል። ዝናሙ ካቆመ ከጥቂት ሰዓት በኋላ ወንዙ ደረቅ ይሆናል። ዛፍ በለበሰ ዳገት ላይ ግን ቅጠሉ የነጠብጣቡን ኃይል ይሰብራል፤ የረገፈው ቅጠልና ሣር ውኃውን እንደ ስፖንጅ ይይዘዋል፤ ሥሩም መሬቱን ከፍቶ ወደ ውስጥ ያሰርገዋል። ዛፍ ራሱም ውኃ እንደሚጠጣ የታወቀ ነው፤ ነገር ግን የሚያቆየው ውኃ በአለቱ ስንጥቅ ገብቶ ከዳገቱ ግርጌ ምንጭ ሆኖ ይወጣል፤ ወይም በሜዳው ደለል ሥር ገብቶ ይጠራቀማል።

ይህን ነገር የምንናገረው በግምት አይደለም። የመቀሌ ዩኒቨርሲቲና የቤልጅግ አገር ሊቃውንት በራያ ግርጌ የሚወርዱትን ወንዞች መርምረዋል፤ ከአውሮፕላንና ከሕዋ የተነሡ የልዩ ልዩ ዘመን ፎቶግራፎችንም አስተያይተዋል። ያገኙትም ዳገቱ በዕፀዋት የተሸፈነ ወንዝ በሜዳው ላይ የሚዘረጋው የአሸዋና የጠጠር ሜዳ ጠባብ መሆኑን፣ ዳገቱ የተራቆተ ወንዝ ግን ሰፊ ማሳ በአሸዋ እንደሚያጠፋ ነው። በየዳገቱ እርከን ከተሠራና ከብት ከታገደ በኋላም ወንዞቹ እየጠበቡ መሄዳቸው ታይቷል። ይህ ለሹማምንት ትልቅ ምስክርነት ነው፤ የተበላሸው ሊድን እንደሚችል ያሳያልና።

በቆቦ ሜዳ ያለው የጕድጓድ ውኃም የዚሁ ነገር ክፍል ነው። በቆቦ ጊራና ሸለቆ ልማት ጥልቅ ጕድጓዶች ተቈፍረው ውኃው በሞተር እየተሳበ ሽንኩርት፣ ቲማቲምና ሌላም አትክልት ይለማበታል። ጕድጓድ ግን ባንክን ይመስላል፤ ያላስገቡትን ማውጣት አይቻልም። ውኃውን ወደ መሬት የሚያስገባው ደግሞ ከተራራው የሚወርደው ወንዝና በዳገቱ ላይ የሚሰርገው ዝናም ነው። በታች ሞተር እየጨመርን በላይ ዛፍ የምንቀንስ ከሆነ፣ ገንዘቡን በአንድ በር እያስወጣ ሁለተኛውን በር የዘጋ ነጋዴ መሆናችን ነው።

አሁን የደኑን ጠላቶች እንቍጠር። የመጀመሪያው ልቅ የሆነ ግጦሽ ነው። ፍየልና ከብት ታላቁን ጥድ አይጐዱትም፤ ነገር ግን ከሥሩ የሚበቅለውን ቡቃያ ይበሉታል፣ ይረግጡታልም። ከሩቅ ሆኖ የሚያይ ሰው ደኑ ቆሟል ይላል፤ ገብቶ ያየ ሰው ግን ሽማግሌዎች እንጂ ልጆች የሌሉበት ቤት ሆኖ ያገኘዋል። ሽማግሌዎቹ በተራቸው ሲወድቁ ወራሽ የለም ማለት ነው። ሁለተኛው ከሰልና ማገዶ ነው። ወይራ ጠንካራ እሳት ስለሚሰጥ ለከሰል ይመረጣል፤ መንገዱም ከሰሉን ወደ ከተማ ለማድረስ ቀላል ያደርገዋል። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በሰሜን በተደረገው ጦርነት ጊዜ የኤሌክትሪክ መብራት በተቋረጠባቸው ከተሞች ሕዝቡ ወደ እንጨትና ወደ ከሰል ተመልሷል፤ ጦርነት ሰውን ብቻ ሳይሆን ዛፍንም እንደሚገድል ከዚህ ይታወቃል።

ሦስተኛው ጠላት ድርቅና ሙቀት ነው። በዚሁ የምሥራቅ ገደል ወደ ሰሜን በሚገኘው የደስአ ደን ብዙ ጥድና ወይራ በቆመበት ደርቋል፤ የሞቱትም ይበልጥ የሚገኙት በታችኛው፣ ሙቀት በሚበዛበት ወገን መሆኑን ሊቃውንት ጽፈዋል። በላይ ያለው ዛፍ ወደ ሰማይ የሚሸሽበት ሌላ ተራራ የለውም።

አራተኛውን ለመናገር እንገደዳለን፤ እርሱም መንገዱ ራሱ ነው። መንገድ ዳገቱን ሲቈርጥ በሰፊው ይወርድ የነበረውን ውኃ ሰብስቦ በጥቂት ቱቦ ያወጣዋል። ከቱቦው በታች ድንጋይ ካልተነጠፈና ውኃው ካልተበተነ መሬቱ ይሰነጠቅና ቦረቦር ይሆናል፤ ቦረቦሩም እያደገ ዛፉን ከነሥሩ፣ በመጨረሻም መንገዱን ራሱን ይጥላል። ስለዚህ የመንገድ መሐንዲስና የደን ጠባቂ በአንድ ጠረጴዛ ሊቀመጡ ይገባቸዋል።

በሌላው ዓለምም ይህን የመሰለ ነገር ደርሷል። ንጉሥ ሰሎሞን ለቤተ መቅደስ ሥራ ያስመጣው የሊባኖስ እንጨት በመጻሕፍት የታወቀ ነው። ያ ደን ከብዙ ዘመን ጀምሮ ለመርከብና ለቤት እየተቈረጠ አልቆ ጥቂት ብቻ ቀረ። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1876 የእንግሊዝ ንግሥት ቪክቶሪያ በብሸሪ አጠገብ የቀረውን ቅሬታ ፍየል እንዳይበላው ዙሪያውን የድንጋይ ቅጥር የሚሠራበት ገንዘብ ሰጠች። በ1998 ደግሞ ስፍራው በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። ያ ሁሉ ክብር የመጣው ግን ደኑ ካለቀ በኋላ ነው።

በአሜሪካም በካሊፎርኒያ ተራራዎች ሴኮያ የሚባል ዛፍ አለ፤ ከእነርሱ አንዱ ጄኔራል ሸርማን የተባለው 84 ሜትር ያህል ቁመት አለው። አሜሪካኖች ስፍራውን በ1890 የሕዝብ ፓርክ አድርገው ከለሉት፤ በ1935 በተፈጸመ የተራራ መንገድም ጐብኚዎች በአውቶሞቢል በዛፎቹ መካከል ያልፋሉ። አስቀድሞ በ1881 በሌላ ስፍራ የአንዱን ሴኮያ ግንድ ቀድደው ሠረገላ በውስጡ አሳልፈው ነበር፤ ያ ዛፍ በ1969 ወደቀ። በታላቁ ደን መካከልም ሆቴልና ሱቅ ሠርተው ከቈዩ በኋላ የዛፎቹ ሥር እንደ ተጐዳ ስላስተዋሉ፣ ከ200 የሚበልጡ ቤቶችን አፍርሰው አንሥተዋል። ሀብታም መንግሥት እንኳ በደን መካከል የሠራውን አፍርሶ መመለሱ ለእኛ ትምህርት ነው፤ ገና ያልሠራን እኛ ከማፍረስ ድካም ልንድን እንችላለንና።

ምናልባት አንዳንድ ሰው፣ «ድኻው ማገዶ አጥቶ ለዛፍ መጨነቅ ምን ይረባል?» ይል ይሆናል። ይህ ጥያቄ በንቀት የሚታለፍ አይደለም። ጀርባዋ እስኪጐብጥ እንጨት ተሸክማ ዳገቱን የምትወርደው ሴት ደኑን የምትጠላ ሆና አይደለም፤ ሌላ እሳት ስለሌላት ነው። ጠባቂ አቁሞ እርስዋን ማባረር ብቻ ደኑን አያድነውም፤ በቀን የተባረረ በሌሊት ይመለሳልና። ደኑን የሚያድነው ከደኑ የሚጠቀም ጎረቤት ሲኖረው ነው። ግጦሽ በታገደበት ዳገት የሚበቅለውን ሣር ጎረቤቱ በማጭድ አጭዶ ለከብቱ ቢወስድ፣ ቀፎውን በደኑ ቢሰቅል፣ ከቤቱ አጠገብ ለማገዶ የሚሆን ባሕር ዛፍ ቢተክል፣ እንጨት የሚቈጥብ ምድጃም ቢያገኝ፣ ዘበኛ ሳይቀጠርለት ራሱ ዘበኛ ይሆናል። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ቍጥር 1065 ማኅበረ ሰብም የደን ባለቤት ሊሆን እንደሚችል ስለ ፈቀደ፣ ለዚህ ሥራ የሕግ በር ተከፍቷል። የቀረው በሩን መግባት ነው።

ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በየክረምቱ ብዙ ችግኝ ሲተከል ይታያል፤ ይህም የሚመሰገን ሥራ ነው። ነገር ግን ችግኝ እየቈጠርን የቆመውን ጥድ ከረሳን፣ «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» የሚለው ተረት በእኛ ይፈጸማል። የዛሬ ችግኝ የአንድ መቶ ዓመት ጥድ ሥራ ለመሥራት አንድ መቶ ዓመት ያስፈልገዋል። በዚያ መካከል በቆቦ ሜዳ ላይ የሚወርደውን ጎርፍ ማን ይመልሰዋል?

ስለዚህ ለየክፍሉ ያለንን አሳብ በአጭሩ እናቀርባለን። ሹማምንት ሆይ፣ የአስተዳደር ወሰን በየዘመኑ ሲለዋወጥ ኖሯል፤ ጎርፍ ግን ወሰን ጠይቆ አያውቅም። በዳገቱ ላይ ያለው ሹምና በሜዳው ላይ ያለው ሹም በሌላ ጕዳይ ቢለያዩም እንኳ በውኃው ጕዳይ ይገናኙ። ከጕድጓድና ከቦይ ከሚገኘው ጥቅም ጥቂቱ ወደ ላይ ወጥቶ ዳገቱን ለሚጠብቀው ሰው ቢከፈል፣ ቸርነት ሳይሆን የሥራ ዋጋ ነው። የመንገድ ሹማምንትም ከየቱቦው በታች ያለውን ስፍራ ከክረምት በፊትና ከክረምት በኋላ ያስመርምሩ።

ካህናት አባቶች ሆይ፣ ሕዝቡ ከአዋጅ ይልቅ የእናንተን ቃል በፍቅር ይሰማል። በየአጸዱ ያሉት ጥዶች የዘር ጎተራ ናቸው፤ ዘራቸው ተለቅሞ ወደ ችግኝ ጣቢያ እንዲደርስ ቢፈቀድ፣ የአገሩ ዛፍ በአገሩ ይተካል። በደቡብ ጎንደር ከዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ ጋር የሚሠሩ አብያተ ክርስቲያናት ከማሳ የተለቀመ ድንጋይ ሰብስበው አጸዳቸውን ስላጠሩ ከብት ቀርቶ ቡቃያው ተነሥቷል። ለገበሬው ማሳው ከድንጋይ ጸዳለት፣ ለደኑም ቅጥር ሆነለት። ይህን የመሰለ ሥራ ብዙ ገንዘብ የማይጠይቅ፣ ኅብረትን ብቻ የሚሻ ስለ ሆነ በራያ አድባራትም ሊደረግ ይቻላል።

መንገደኞችና ባለ ካሚዮኖችም ድርሻ አላችሁ። ከዳገቱ ዳር የቆመው ከሰል ገዢ ባያገኝ አይቈምም ነበር። የተጣለ የሲጋራ ቍራጭም በበጋ ደረቅ ሣር ላይ ሲወድቅ፣ ሦስት ትውልድ ያሳደገውን በአንድ ቀን ያጠፋል። ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ ጥንቃቄው ከእሳቱ ይቅደም።

ሰው እንግዳ ደስ የሚያሰኝ ነገር ባየ ጊዜ ያደንቃል፤ ማድነቅ ግን መጠበቅ አይደለም። የግራ ካሕሱ ጥድ ለማንም ተናግሮ የማያውቅ፣ ደመወዝም የማይቀበል የቆላ ገበሬ ባለሟል ነው። ደራሹን ጎርፍ ያበርዳል፣ ምንጩን ያዘልቃል፣ የማሽላውን ማሳ ከአሸዋ ይጠብቃል። እርሱ ሥራውን ሳያቋርጥ ሲሠራ ኖሯል፤ የእኛ ሥራ ግን ገና ብዙ ይቀረዋል። በሚመጣው ክረምት በቆቦና በአላማጣ ሜዳ የሚወርደው ውኃ ደለል ይዞ የሚመጣ በረከት እንዲሆን የሚወድ ሁሉ፣ ከወዲሁ ዓይኑን ወደ ዳገቱ ያንሣ፤ እጁንም ለሥራ ይዘርጋ።